ጋሽ ማቅለሽለሽ በእንግሊዝኛ

መድኃኒት ገዝታችሁ ካርቶኑን ስትከፍቱ ተጣጥፋ የተቀመጠች ስስ ወረቀት ታገኛላችሁ። ማንም አያነባትም። የዘረጋት ሰው ቢኖር እንኳ መልሶ እንደነበረችው ማጠፍ ያቅተውና ጨምድዶ ይጥላታል። ያቺ ወረቀት ግን ዝም ብላ እዚያ አልገባችም፤ አንዱ ጽፏት፣ ሌላው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሷት ነው። ይህ ታሪክ ከመላሾቹ የአንዱ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን የፈጀው በዚያች ወረቀት ላይ ነው ስላችሁ ግን በሙሉዋ ላይ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ክፍሏ ላይ ብቻ ነው፤ «የጎንዮሽ ጉዳት» በሚለው።

የትርጉም ቢሮው ልማድ እንዲህ ነበር። ወረቀቷ ስትመጣ እንደ ዳቦ ትቆረስና ለየሰው ትታደላለች። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ የሚናገረውን ክፍል የሚተረጉም አንድ ሰውዬ አለ። እንዴት እንደሚቀመጥ የሚናገረውን የምትተረጉም አንዲት ሴት አለች። ሥራ አስኪያጁ ድሮ «አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ሲሠራ አይሳሳትም» ብሎ የጀመረው ነገር ነው፤ ኋላ ሥር ሰደደና የሌላውን ክፍል አሻግሮ ማየት እንኳ የሰው ጓዳ እንደ መግባት ተቆጠረ። ስማቸውም በዚያው ወጣ። የአወሳሰዱን ሰውዬ «በቀን ሁለቴ» ይሉታል። ሴትዮዋን «እትዬ ደረቅ ቦታ» ይሏታል። የኛን ሰውዬ ደግሞ «ጋሽ ማቅለሽለሽ»። በሐሜት አይደለም፣ ፊት ለፊት ነው የሚጠሩት፤ እሱም ያለ ምንም ቅሬታ «አቤት» ይላል።

ሥራውን ያውቃል፣ አይካድም። ማዞርንና ራስ መቅለልን ለይቶ ያውቃል። ሽፍታን በየዓይነቱ ያውቀዋል፤ የሚያሳክከውን፣ የማያሳክከውን፣ ውሃ የሚቋጥረውን። በእሱ ክፍል የሰው ልጅ መከራ ሁሉ በአራት ይመደባል፤ በጣም የተለመደ፣ የተለመደ፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፣ እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ። ጣጣው ይህን አመዳደብ ይዞ ቤቱ መግባቱ ላይ ነው። ልጁ ትንሽ ሳለች ከጓደኛዋ ተጣልታ እያለቀሰች ስትመጣ «በጣም የተለመደ ነው፤ በራሱ ይጠፋል» ይላት ነበር። እውነቱን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋ ነበር። ልጅቷም እያደር ለቅሶዋን ወደ እሱ ማምጣት ተወች።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት አለችው። ምግብ ጠረጴዛው ጋ ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ ላይ እሱ ይቀመጣል፣ አንዱ ላይ የታጠበ ልብሱ ተቆልሎ ይውላል። ቴሌቪዥን የሚከፍተው ሊያይ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። የሚገዛው ዳቦ ሳያልቅ እየደረቀበት ቢቸገር፣ ባለሱቁን ግማሽ ዳቦ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቆ ያውቃል። ባለሱቁ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እሱም እንዳያፍር አብሮት ሳቀና ሙሉውን ገዝቶ ሄደ።

ልጁ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። አልፎ አልፎ ትደውላለች። «ደህና ነህ?» ትላለች፤ «ደህና ነኝ» ይላል። «በላህ?» ትላለች፤ «በላሁ» ይላል። ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸውና ስልኩን ማን ቀድሞ እንደሚዘጋ እየተጠባበቁ ይቆያሉ። አንድ ቀን ግን ደውላ ቶሎ አልዘጋችም።

«አባዬ፣ ላገባ ነው» አለች። «ልጁ የሌላ አገር ሰው ነው፤ አማርኛ አይችልም። ከተጋባን በኋላ ወደ እሱ አገር ነው የምንሄደው። እሁድ ለምሳ ይዤው ልምጣ?»

«ነይ እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?»

«ደሞ አንድ ነገር ፈልግልኝ። አባትሽ ሥራው ምንድነው ሲለኝ የምለው ጠፋኝ። ስፔሻሊስት ነው ብዬ ብነግረው ሐኪም መሰልከው። እንደዛ አይደለም እኮ። አንዲት ጠባብ ነገር ብቻ ይዞ፣ ከሷ ወዲያ ምንም የማያይ ሰው የለም? እንደሱ ዓይነት ሰው በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? አንተ አታጣውም።»

ሌላ አባት ቢሆን ይቀየም ነበር። እሱ ግን ጆሮው ላይ የቀረችው የመጨረሻዋ ብቻ ነች፤ «አንተ አታጣውም»። ልጁ ራሷን ከቻለች ወዲህ ከእሱ የፈለገችው ነገር ኖሮ አያውቅም። አሁን ሩቅ ልትሄድባት ነው፤ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችው። ያቺን ቃል ካላገኘ ምናልባት ሁለተኛ ምንም አትጠይቀውም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው የመጣው፤ ከአማርኛ ወደዚያ ሄዶ አያውቅም። ደረጃ በጀርባ እንደ መውረድ ሆነበት። ያለው እንግሊዝኛም የራሱ ክፍል እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ስለ ተቅማጥ ሊያወራ ይችላል። ስለ ከንፈር ማበጥ ሊያወራ ይችላል። ስለ ሰው ግን ምንም አያውቅም። ስለዚህ ያላደረገውን አደረገ፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛ ሄደ።

በቀን ሁለቴ ቀና ሳይል «ኤክስፐርት በላት፣ ይለይልህ» አለው።

«ኤክስፐርትማ ስብሰባ ላይ የሚቀመጠው ነው። የታሸገ ውሃ ፊቱ የሚደረግለት።»

«እንግዲህ አንተም አንድ የታሸገ ውሃ ግዛና ተቀመጥ!»

ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ ሰማና ጣልቃ ገባ። «ፔዳንት ነው የሚባለው» አለ፣ የመጨረሻ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው። ጋሽ ማቅለሽለሽ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። በጥቃቅን ነገር እየተጨቃጨቀ ሰው የሚያሰለች፣ ይላል። ትንሽ አሰበበት። ሰው ለማሰልቸት መጀመሪያ ሰው ያስፈልጋል። ቤቱን አሰበና መዝገበ ቃላቱን ዘጋው።

ሌላም ቃል ተነሣ፤ ሞኖማኒያክ የሚል፣ በአንድ ነገር ብቻ ያበደ ማለት ነው። ይህን እንኳ ግማሹን ያውቀዋል፤ ማኒያ የእሱ ክፍል ነው። እጅግ ጥቂት ሰዎችን ከሚይዘው ጎራ ነው የሚመደበው፤ የያዘው ሰው ይስቃል፣ ይለፈልፋል፣ እንቅልፍ አይተኛም፣ ያለውን ሁሉ ይበትናል። ጋሽ ማቅለሽለሽ ደግሞ በጊዜ ተኝቶ በጊዜ የሚነሣ፣ የፕላስቲክ ከረጢት እንኳ አጥቦ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ይህም አልሆነም።

እትዬ ደረቅ ቦታ ግን አዘነችለት። መነጽሯን አውልቃ ብዙ አሰበችና «አንድ አለ» አለችው። «ዋን ትሪክ ፖኒ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ትንሽ ፈረስ ነው። አንዲት ጨዋታ ብቻ የተማረ።»

«ሰርከስ ላይ?»

«ሰርከስ ላይ።»

ፈረሱስ ይጨበጨብለታል፣ አለ በሆዱ። ልጁ «አባቴ ፈረስ ነው» ብላ ስታስተዋውቀው ታየውና ከልቡ ሳቀ። እትዬ ደረቅ ቦታም ሳቀች። ከዚያ እንደዋዛ፣ «ባለቤትህ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ምን ብላ ነበር የምትጠራህ?» አለችው።

«በስሜ ነዋ።»

«ሁሌም?»

«መጀመሪያ በስሜ ነበር። በኋላ…» አለና ቆመ። «በኋላ አትጠራኝም ነበር።»

ይህን እስኪናገረው ድረስ ልብ ብሎት አያውቅም። እትዬ ደረቅ ቦታ መነጽሯን መልሳ አደረገች። እሱም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ አንዲት የራስ ምታት ላይ ተቀምጦ ዋለ።

እሁድ ጠዋት ሩዝ ቀቀለ፣ ዶሮ ጠበሰ። የልብሱን ክምር ከወንበሩ ላይ አንሥቶ አልጋው ላይ ደፋው። ሦስተኛ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰ፤ ጎረቤቲቱ በር ላይ «እንግዳ አለብዎት እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው «ልጄ ናት፤ ከእጮኛዋ ጋር» ሲል ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮክ አለ። ወንበሩን ተሸክሞ ሲመለስ አፉ ውስጥ ቃል ይፈልግ ነበር። እስካሁን አልተገኘም። ፈረሱን መናገር ይሻል ይሆን፣ ወይስ «እየፈለግኩ ነው» ብሎ ቀጠሮ መስጠት? ቀጠሮ መስጠቱ ደስ አለው፤ ቢያንስ ደግማ ትደውላለች።

በሩ ሲንኳኳ ልጁ ብቻዋን ቆማለች። በደረጃ ስለመጣች ታለከልካለች። እቅፍ አድርጎ ሳማት፤ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ ኮሪደሩን አየ።

«እሱስ የት አለ?»

«ታች ሊፍቱ ጋ ቀረ።»

«ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም። በሩን እያየ ነው። ሥራው ነው አባዬ፤ የሊፍት በር።»

«ሊፍት ነው የሚሠራው?»

«ሊፍት አላልኩህም፤ በሩን። በሩንም ቢሆን ሙሉውን አይደለም። ሲዘጋ ሰው መሀል ከገባበት ተመልሶ የሚከፈት አይደል? እሷን ብቻ።»

«ሞተሩንስ?»

«አይነካም። የሌላ ሰው ሥራ ነው ይላል።»

ጋሽ ማቅለሽለሽ ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ ሌላ መኖሩን አያውቅም ነበር። ልጁ ይህን ፊት አየችና የራሷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እጮኛዋ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ወጣት ነው። «ጤና ይስጥልኝ» የምትለዋን ተለማምዷት ስለመጣ ሁለት ጊዜ አላት። ተቀመጡ። ምግቡ ቀረበ። አባት ስለ በሩ ጠየቀ፤ ልጅ ተረጎመች። ወጣቱ ዓይኑ ተከፈተ። የዚህ ሕንፃ በር ትንሽ ይቸኩላል አለ፤ አሮጊት ብትገባ ትከሻዋን ይነካታል። ልጅ ተረጎመች። አባት፣ የትኛውን ትከሻ? አለ። ወጣቱ ይህን የጠየቀው ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ፤ ሹካውን አስቀምጦ ሁለቱን መዳፎቹን በር አደረጋቸውና ያሳይ ጀመር። አባትም ማንኪያውን አሮጊት አድርጎ መሀላቸው አስገባ። ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ አስተርጓሚም አላስፈለጋቸውም፤ በእጅና በማንኪያ ተግባቡ። አባት ደስ ብሎት እንደዚያ የተጫወተበትን ቀን አያስታውስም።

የልጁ ወንበር ባዶ መሆኑን ያየው ቆይቶ ነው። ሳህኗ ላይ ያለው ሩዝ አልተነካም፣ ቀዝቅዟል። ቀና ሲል በወጥ ቤቱ በር በኩል ጀርባዋ ታየው። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ንጹሕ ብርጭቆ ታጥባለች። ብርጭቆውን ከመደርደሪያ ነው ያነሣችው፤ ማንም አልጠጣበትም። እናቷም እዚያው ቦታ ላይ፣ ልክ እንደዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምትቆመው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ እሱ ስለ ሽፍታ ማውራት በጀመረ ቁጥር።

ሰውዬው ማንኪያውን አስቀመጠና ተነሥቶ ገባ።

«ቃሉን አላገኘሁትም፣ የኔ እናት» አላት። «ብዙ ፈለግኩ። አንድ ፈረስ ብቻ ነው የተገኘው።» የፈረሱን ነገር ነገራት። ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር።

«ለሱ ብዬ አይደለም እኮ የፈለግኩት» አለች። «ለራሴ ነው። ስም ካለው፣ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው ማለት ነው። ብዙ ከሆነ ደግሞ አብሮት እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው ይኖራላ። እወደዋለሁ አባዬ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እፈራለሁ።»

በጣም የተለመደ ነው፣ የምትለው ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ መጣች። ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ነበረች። በስንት መከራ ዋጣት።

«እማዬ ብቻዋን ነበረች?» አለች ልጁ፣ ብርጭቆውን እያዞረች።

ከሳሎን የወጣቱ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ጋሽ ማቅለሽለሽ እጁን የሚያደርግበት ስላጣ ፎጣውን አነሣ።

«ነበረች» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። እኔ ሽፍታ ነበር የምጠብቀው።»

እውነቱን ነው። ሚስቱ በታመመችበት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ክንዷን እያገላበጠ ያይ ነበር። ያሳክክሻል? አፍሽ ይደርቃል? እግርሽ አብጧል? ሲነጋ ይጠይቃል፣ ሲመሽ ይጠይቃል። አንዲትም ሳይዘነጋ ክፍሉን በሙሉ ይጠይቃታል። ይህ ሰው አልወደዳትም የሚል ቢኖር እኔ አልስማማም፤ በሚያውቀው ሁሉ ነው የወደዳት። አንድ ቀን ግን ክንዷን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና «ዛሬ እንኳ ሌላ ነገር ጠይቀኝ» አለችው። «ምን ልጠይቅሽ?» አላት። የምር ነበር የጠየቃት፤ ምን ሌላ ነገር እንዳለ አያውቅም ነበርና። ቆይታ «ተወው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እሱም የድካም ስሜት፣ የተለመደ፣ ብሎ መደበው።

ይህን ለልጁ ነገራት፤ ለማንም ነግሮ አያውቅም። ልጁ አላለቀሰችም። ብርጭቆውን ከእጇ አኖረችና አየችው፣ ለረጅም ጊዜ እንዳላየችው ሰው።

ፎጣውን በትከሻው እንደያዘ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ወጣቱ ፊት ቆመ። ወጣቱም አክብሮት መሰለውና ተነሥቶ ቆመ። ጋሽ ማቅለሽለሽ በሕይወቱ አንድም ቀን ሰው ፊት እንግሊዝኛ ተናግሮ አያውቅም፤ ግንባሩ አላበው።

«ማይ ወርክ፣ ዩር ወርክ» አለ። «ሴም።» የኔም ሥራ ያንተም ሥራ አንድ ነው ማለቱ ነው።

ወጣቱ በደስታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሳይድ ኢፌክት አለው» አለና ቀጠለ፣ አማርኛው እየተቀላቀለበት። የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ይህችን ቃል እንኳ ከእናቱ ስም ይልቅ ብዙ ጊዜ ጽፏታል። «ሎንሊነስ።»

ብቸኝነት ማለት ነው። ይህች ቃል በአንድም ወረቀት ላይ አላጋጠመችውም፤ ለልጁ ቃል ሲፈልግ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ያያት ናት። ወጣቱ አዝኖለት እጁን ወደ ትከሻው ዘረጋ። ሰውዬው ግን ራሱን በኃይል ወዘወዘ።

«ኖት ሚ» አለ። እኔን አይደለም። ጣቱን በወጣቱ ደረት ላይ አደረገ። «ኖት ዩ።» አንተንም አይደለም። ከዚያ ጣቱን ወደ ወጥ ቤቱ በር፣ ልጁ ወደቆመችበት አዞረ። «ዋይፍ።»

ጉዳቱ የሚስትየዋ ነው፤ መድኃኒቱን እኛ እንውጠዋለን፣ እነሱን ያማቸዋል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ሊል ፈልጎ ያለችው ያቺ አንዲት ቃል ነበረች። ወጣቱ ዞሮ ልጅቷን አየ። ገበታ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ ዞሮ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ባለሙያ አይደል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንዲት የባለሙያ ጥያቄ ጠየቀ።

«ሀው ኮመን?» ምን ያህል የተለመደ ነው?

«ቬሪ ኮመን» አለ ጋሽ ማቅለሽለሽ። በጣም የተለመደ። «ኖ ራሽ። ኖ ፌቨር።» ሽፍታ የለውም። ትኩሳት የለውም። ብታይ ብታይ ምንም አታገኝም።

ቡና ሳይቀርብ ምሳው አለቀ። ልጁ ሳህኖቹን ልታጥብ ስትል ከለከላት። በር ላይ አንገቱን አቅፋ ቆየች፤ «አባዬ» አለች። ወጣቱ «ጤና ይስጥልኝ» አለ፤ ለመሰናበቻ የሚሆን ሌላ አማርኛ አልነበረውም።

ሊፍቱ አምስተኛ ፎቅ ደረሰ። በሩ ተከፈተ። ወጣቱ ከልማዱ የበሩን ጠርዝ ሊያይ ጎንበስ አለና መሀል ላይ ተወው። ቀና ብሎ ልጅቷን አየ፤ የሆነ ነገር አላት። እሷም ወደ ደረጃው ጠቆመች። በደረጃ ወረዱ። የሊፍቱ በር ትንሽ ጠበቀና ባዶውን ተዘጋ።

ጋሽ ማቅለሽለሽ በሩን ሳይዘጋ ቆሞ አዳመጠ። የወጣቱ ድምፅ ከደረጃው ይመጣል። ምን እንደሚል አይሰማም፤ ጥያቄ መሆኑ ግን ይታወቃል። ከዚያ የልጁ ድምፅ መጣ፤ መልሷ ረጅም ነበር፣ አንድ ፎቅ ሙሉ ወሰደ። ደግሞ ጠየቃት። ደግሞ መለሰች። ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ የታችኛው በር ሲዘጋ ጠፋ።

ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን አለ። የጎረቤቲቱን ወንበር በር ጋ አኖረው፤ ነገ ይመልሳል። አልጋው ላይ የደፋውን ልብስ አንሥቶ ወደ ሁለተኛው ወንበር ተመለሰና፣ ሊቆልለው ሲል እጁ ቆመ። ልብሱን መልሶ አልጋው ላይ ጣለው። የራሱን ወንበር ስቦ ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑን አልከፈተም።

«ያን ጊዜ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ምን እንድጠይቅሽ ነበር የፈለግሽው?»